በሩ ወደ መንገድ የሚያየው ቤት

ሐኪሙ በየቀኑ ጥቂት እንድራመድ ካዘዘኝ ወዲህ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ሌላ መራመጃ አይታሰበውም፤ እግርም ለምዶታል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን እንደ ልማዴ ብወርድ ዳሩ ሁሉ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘሁት። ከአጥሩ ወዲያ የሲሚንቶ ማቡኪያ ይጮሃል። ስንት ዓመት የተቀመጥሁባቸው የድንጋይ ወንበሮች ተነቅለው አንድ ጥግ ተከምረዋል። በቆርቆሮው ላይ ወደፊት የሚሠራውን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የልጆች መጫወቻ፣ የጀልባ መሳፈሪያ፣ መጸዳጃ ቤት። በሥዕሉ ውስጥ ዛፉ ሁሉ ቁመቱ እኩል ነው፣ ሰዉ ሁሉ ወጣት ነው፣ ሐይቁም ሰማያዊ ነው። ጣና ከክረምት በኋላ ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች ሥዕሉን አየት አድርገን አለፍን። የሐይቁ ዳር ሲታደስ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠርም ትቻለሁ። አንዱ የተከለውን ሌላው ይነቅለዋል። ወንበሩ ወደ ውሃው ይዞራል፣ ቆይቶ ደግሞ ወደ መንገዱ ይዞራል። እኔ ወንበር ካለ ተቀምጬ፣ ከሌለ ቆሜ፣ ውሃውን አይቼ እመለሳለሁ።

ከአጥሩ ሥር፣ ለእግረኛ በተተወችው ቀጭን መንገድ ዳር፣ ሰላም ተቀምጣ ነበር። ሰላም የጓደኛዬ የአንጓች የልጅ ልጅ ናት፤ ሎሚ፣ ፓፓያና ማንጎ ትሸጣለች። አያቷ እንዳስተማረቻት አንዲቱን ሎሚ ለሁለት ሰንጥቃ ከክምሩ አናት ላይ አስቀምጣለች፤ ገዥው ሎሚው ውሃ እንዳለው እንዲያይ ነው። የተቆረጠ ሎሚና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ይህን ሽታ እዚሁ ቦታ ላይ፣ በወጣትነቴ፣ አሽትቼዋለሁ። ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ የደከመኝ መስሏት ተነሥታ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። ስቀመጥ እግሯ ሥር አንድ ሊትር ውሃ አየሁ። ክዳኑ አልተከፈተም። ከረፋድ ጀምራ እዚያው እንደዋለች ከንፈሯ ይናገራል፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃውን ለምን አትጠጪውም አልኋት።

«እማማ ሙሉ፣ ብጠጣ የት እሄዳለሁ?» አለችኝ።

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ አልሳቅሁም። ይህንኑ ቃል ከአያቷ አፍ የሰማሁት እሷ ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራውም። ሦስት ጊዜ ስሙ ተለዋውጦ በመጨረሻ ሌላ መሥሪያ ቤት ዋጠው፤ ዛሬ የሚወቀስም የሚመሰገንም የለም። የከተማው ዘንባባ ገና ጎረምሳ ነበር። ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ መንገዱ በብስክሌት ይሞላል፤ ወንዱም ሴቱም ደወሉን እያንቃጨለ ያልፋል። በክረምት በአንድ እጃቸው ጃንጥላ በሌላው መሪ ይዘው የሚነዱ ሴቶች ነበሩ፤ እኔ እነሱን ሳይ ልቤ ይንጠለጠል ነበር። ብስክሌት አልነበረኝም። የነበረኝ ግራጫ ጉርድ ቀሚስና አንድ ነጭ የናይለን ሸሚዝ ነው፤ ማታ አጥቤው ጠዋት እለብሰዋለሁ፣ ናይለን ቶሎ ይደርቃል። ወጣቶቹ ወንዶች ከታች የሰፋ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ጠጉራቸውን አበጥረው እንደ ጥቅል ጎመን ያድቦለቡሉታል። ከሐይቁ ዳር መንገዱን ተሻግሮ፣ ከዋርካው ሥር፣ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ በብርጭቆ አሥር ሳንቲም፣ ብስኩት አምስት ሳንቲም። ባለቤቱ የሸክላ ማጫወቻውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ አንድ ዘፈን በቀን አሥር ጊዜ ያሰማል። የዘፈኑን ቃል ዛሬ ረስቼዋለሁ። ሸክላው አንድ ቦታ ላይ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ «ወይ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። ኋላ ያንኑ ዘፈን ሌላ ቦታ ስሰማ አንድ «ወይ» የጎደለ ይመስለኝ ነበር። ዋርካው አሁንም አለ። ሻይ ቤቱ በነበረበት ላይ ፎቅ ተሠርቷል፤ ምድር ቤቱ ስልክ ይሸጥበታል።

አንጓች ጎረቤቴ ነበረች። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን አንዳንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ስታስነጥስ ይማርሽ እላታለሁ። ከሐይቁ ማዶ፣ የቁንዝላ ልጅ ናት። ባሏ ጀልባ ላይ ይሠራ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ሐይቅ ላይ ነው። እሷ ጎሕ ሲቀድ የዘጌ ታንኳዎች ወደሚደርሱበት ትወርድና ሎሚ በቅርጫት ተቀብላ፣ ከሐይቁ ዳር ጆንያ ዘርግታ አምስት አምስት እያደረገች ትደረድረዋለች። አምስት ሎሚ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ጋር እኩል ዋጋ ነበር። ስድስተኛ ጨምሪ ለሚላት «ስድስተኛዋን ከጣና ጠይቅ» ትለዋለች። ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ነበራት፤ ስትቀመጥ አውልቃ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚያደርጉት፣ ጎን ለጎን ታስቀምጠዋለች። ምላሷ ፈጣን ነው። እኔ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ቁጭ ብዬ ስሰማት አመሻለሁ፤ ብዙ የምናገረው አልነበረኝም፣ እሷም አትጠብቅም።

ዳሩ ላይ ለሚውሉ ሴቶች የነበረው መጸዳጃ ደንገሉ፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ የውሃ ዳር ሣር ነው። ጎሕ ሳይቀድና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ደንገሉ ገባ ይላሉ። በመካከል ያለው ቀን የወንዶች ነበር። ወንድ ወደ ዛፍ ዞር ይላል፤ ዞር ማለት ብቻ ይበቃዋል። ይህን ማንም እንደ ችግር አያወራውም። እንደ ክረምትና በጋ የተመደበ ነገር ነበር።

እንዲህ እያለን የሐይቁን ዳር የሕዝብ መዝናኛ ማድረግ ታሰበ። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ደምሴ ይባሉ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ክራባት የማይለያቸው፣ ጸሐፊ ላይ የማይጮኹ ጨዋ ሰው ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ቆመው ውጭ ውጭውን እያዩ ይነግሩኛል፣ እኔ በሦስት ካርቦን እመታለሁ። ወንበሮች፤ ወደ ውሃው የሚያዩ። የመብራት ምሰሶዎች። አበባ። ከዚያ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፤ ነጭ ሸክላ የለበሰ፣ የቧንቧ ውሃ ያለው፤ የወንዶች በር በጎን በኩል፣ የሴቶች በር ወደ ዋናው መንገድ የሚያይ። እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ። ዋናው መንገድ ማለት ሻይ ቤቱ ማለት ነው። ሻይ ቤቱ ማለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከቱ ሠላሳ ወንዶች ማለት ነው።

«ምነው ሙሉነሽ? ፈጠንኩብሽ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም፣ ይቀጥሉ» አልሁ።

ምክንያቱንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በሩ ከመንገድ ከታየ እንግዳ ሰው አይቸገርም፣ ዘበኛውም ይጠብቀዋል፣ ሴቶች ላይም ክፉ ነገር አይደርስም አሉ። ሲሰሙት ልክ ነው። አንዲት ያላገባች ልጅ ለአለቃዋ ስለ ሽንት ቤት በር ትናገር ዘንድ በዚያ ዘመን አይታሰብም። ይህን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም።

ግንባታው ሲካሄድ አንጓች ከቦታዋ አልተነሣችም። ሲሚንቶው እየተቦካ እሷ እጎኑ ሎሚዋን ትሰነጥቃለች። ያ ሽታ የዚያን ጊዜ ነው። ሲያልቅ ሪባን ተቆረጠ፣ ማርሽ ባንድ መጣ፣ ለእንግዶች ለስላሳ ታደለ። እኔ ወረቀት ይዤ ከአለቆች ጋር ስለነበርሁ ውስጡን አየሁት። በሴቶቹ ክፍል መስተዋት ነበር። ንጹሕ ነበር፤ የነካው አልነበረማ። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ኖረ። ከከተማው ሴት የሚገባበት አልነበረም። አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ትገባና ስትወጣ ሻይ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ቆይቶ ሳቅ ይሰማል። ከሳቂዎቹ ዋነኛው የእኛው መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይርዳው ነበር። መልከ መልካም፣ ቀልደኛ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነው። ክፉ አልነበረም። ሰው ሲስቅለት ማቆም አያውቅም እንጂ።

በዐቢይ ጾም፣ ሙቀቱ በጠነከረበት ወቅት፣ አንጓች የመጀመሪያ ልጇን፣ የሰላምን አጎት፣ አርግዛ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደብዳቤ ልሰጥ ስሻገር እሷ ተነሥታ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ወደዚያ በር ስትሄድ አየኋት። እርጉዝ ሴት እስኪመሽ መጠበቅ አትችልም። ገብታ ወጣች። ይርዳው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሁለት ጊዜ አጨበጨበና፣

«አንጓች፣ ለሎሚዎቹም መታጠቢያ አለው?» አላት።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እኔ ከሁሉ የማስታውሰው እሷም መሳቋን ነው። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ተቀምጣ ሎሚዋን መደርደር ጀመረች። በማግሥቱ ግን የሚገዛት አጣች። ዘንቢል የያዘች አንዲት ወይዘሮ ሎሚውን አንሥታ አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው። እጇ ንጹሕ አይደለም ብሎ የተናገረ የለም። አንጓች እጇን በቧንቧ ታጥባ መውጣቷን ግን ማንም አላየም፤ መታጠቢያው ከውስጥ ነው፤ የታየው መግባቷ ብቻ ነው። ሎሚው በጆንያ ላይ ቆዳው ደረቀ። ሁለት ሳምንት ያህል ታግሣ በመጨረሻ ሎሚዋን በአውቶቡስ እየጫነች ሐሙሲት ገበያ መሸጥ ጀመረች። «የሐሙሲት ሰዎች አላዩኝም» አለችኝ። በዚያ ሆዷ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ፣ ክረምት እስኪገባ ተመላለሰች።

ከወለደች በኋላ ሰዉ ሲረሳ ወደ ዳሩ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ከቤት ከወጣች እስክትመለስ ውሃ በአፏ አይዞርም። ቀይ ሆኖ የሚነድ ፀሐይ ላይ፣ ያን ሁሉ ውሃ ፊቷ ተዘርግቶ፣ ሳትጠጣ ትውላለች። ጠጪ ስላት ያችን ቃል ትመልስልኛለች፤ ብጠጣ የት እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ አጥብቄ ብነግራት ወደ ዓባይ መውጫ በአገጯ እያሳየች፣

«ጣና ቀኑን ሙሉ በሰው ፊት ዓባይን ሲለቅ ማን ነውር አለው? ነውሩ ለእኔ ብቻ ተረፈ» አለች።

ብዙ ሳቅን። ስለ ጻፍሁት ወረቀት፣ ጣቴ ስለ ቆመበት ሰዓት፣ ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኋትም።

ያ ቤት በሩ ወደ መንገድ እንዳየ ኖረ። መንግሥት ሲለወጥ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ሆነ። ቀጥሎ ዘበኛው ፍየሎቹን አሳደረበት። ጣሪያው ሄደ፣ መስተዋቱን ማን እንደወሰደው አይታወቅም፣ በመጨረሻ ግድግዳውን ለመንገድ ሥራ ወሰዱት። አንጓች ግን አርባ ዓመት ግድም በደረቅ ጉሮሮ ሸጠች። ልጆች አሳደገችበት። ኩላሊቷ ጠጠር ቋጠረ፣ ሆስፒታል ገብታ አንድ ጊዜ ተቀደደች፣ ሁለተኛ ተቀደደች። ሐኪሞቹ ውሃ ጠጪ ይሏታል፤ ሌላ መድኃኒት ቢያዟት ይሻላት ነበር። ቤት ውስጥ ስትሆን ትጠጣለች፤ ልጆቿ ጆጉን አጠገቧ ያስቀምጡላታል።

ሰላም ዘንድ ውሃውን ባየሁ ቀን ከዚያው ወደ አንጓች ቤት ሄድሁ። አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላ አገኘኋት። ያየሁትን ነገርኋት። የልጅ ልጇን እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ፣

«የአዲሱ በር ወዴት ነው የሚያየው?» አለችኝ።

አላየሁትም ነበር። በማግሥቱ ሄጄ ሥዕሉን መነጽሬን አድርጌ ፈለግሁት። ነጭ ቤት፣ መብራት በላዩ፣ በሩ ወደ መንገዱ፤ አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ፈገግ እያለች ስትገባ። ተመልሼ ነገርኋት። ያን ቀን ነው የዚያን ወረቀት ነገር ያወጣሁት። ከእኔ እጅ እንደወጣ፣ ጣቴ እንደቆመ፣ አቶ ደምሴ ምነው ሲሉኝ ይቀጥሉ እንዳልኋቸው ሁሉንም ነገርኋት። አንጓች ነጠላዋን አስተካከለች።

«ብትናገሪስ ማን ይሰማሽ ነበር» አለች። ቀጥላ ግን፣ «ቢሆንም ብትናገሪ ጥሩ ነበር» አለች።

ልሄድ ስነሣ እጄን ያዘችኝ። ስብሰባ እንዳለ ሰላም ነግራታለች፤ ለነዋሪው አስተያየት በቀበሌው አዳራሽ። «ሂጂና ንገሪያቸው» አለችኝ። «በሩን ይደብቁት፣ ቧንቧውን ይግለጡት። መግባቷ አይታይ፤ መታጠቧ ይታይ።» እዚያ ዳር ላይ ዕድሜዋን የጨረሰች ሻጭ እንጂ ሌላ ሰው ይህን አያስበውም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ። መሐንዲሱ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትሑት ልጅ፣ ለሚናገረው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። አንዱ ጣና የሀገር ሀብት ነው አለ፤ ሌላው ያንኑ ደገመው። አንድ ቄስ መረቁ። አንድ ከፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ መምህር ደንገሉ እያለቀ መሆኑን በሰፊው አስረዳ፤ እውነቱን ነው፣ ግን ሰዉ ደክሞት ነበር። እኔ እጄን አወጣሁ። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ ሳወጣው ከራሴ ትከሻ የወጣ አልመሰለኝም። የሴቶቹ በር ወዴት እንደሚያይ ጠየቅሁ።

«ወደ ዋናው መንገድ ነው እማማ። ለደኅንነት ተብሎ ነው፤ መብራትም ይደረግለታል» አለኝ።

አቶ ደምሴም ያሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም።

ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ወደ ኋላ ዞር አሉ። ያን ጊዜ ይርዳው ነበር፤ አሁን አቶ ይርዳው ናቸው። ጠጉራቸው ነጥቷል፣ ፈገግታቸው ግን ያው ነው። «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ጣናን የሚያህል ነገር ትተው በር ላይ ቆሙ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ያንኑ ሳቅ ነው የሰማሁት፤ ከዋርካው ሥር ይመጣ የነበረውን።

ልቀመጥ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። አልተቀመጥሁም። የመጀመሪያውን በር በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ አልሁ። አንዲት ሎሚ ሻጭ እርጉዝ ሆና አንድ ቀን እንደገባችበት፣ ስትወጣ ከሻይ ቤቱ እንደተጨበጨበላት፣ ምን እንደተባለች፣ በማግሥቱ ሎሚዋ እንደደረቀ፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ፊት ተቀምጣ ውሃ ሳትጠጣ እንደኖረች፣ ኩላሊቷ ምን እንደሆነ ተናገርሁ። የማንንም ስም አልጠራሁም። ዛሬ የልጅ ልጇ እዚያው ቦታ ላይ ያልተከፈተ ውሃ ይዛ እንደምትውል ጨመርሁ። መሐንዲሱ ታዲያ ምን ይደረግ እማማ ሲለኝ የአንጓችን ቃል እንዳለ ሰጠሁት። ከኋላ ካሉት ሴቶች አንዷ «እሰይ» አለች፤ ቀስ ብላ ነው፣ ግን ተሰማ።

አቶ ይርዳው ወደ እኔ አልዞሩም። ፊታቸውን አላየሁትም፤ ያየሁት ማጅራታቸውን ነው። ከዚያ በዱላቸው ተነሥተው ወደ መሐንዲሱ፣

«ልጄ፣ በሩን አዙረው» አሉ።

ተቀመጡ። ስንወጣ ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በሕይወት እንዳለች ጠየቁኝ። አለች አልኋቸው። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር አሉ። ቀልድ መሆኑን ታውቃለች፣ እሷም ስቃ ነበር አልኋቸው። ሄጄ ልያት ይሆን አሉ፤ እርስዎ ያውቃሉ አልሁ። እስካሁን አልሄዱም። አልፈርድባቸውም። እኔ ከእሷ ጋር በአንድ ግድግዳ እየኖርሁ ለመናገር የፈጀብኝን ዘመን አውቀዋለሁ።

የፍሳሹ ቱቦ አስቀድሞ ተቀብሮ ስለነበር በሩ ሙሉ በሙሉ አልዞረም። መሐንዲሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እንደዚያ የሚያደርግ አይቼ አላውቅም። በበሩ ፊት ከሰው ቁመት ከፍ ያለ የድንጋይ ግድግዳ አቆሙ፤ የሚገባው በዛፎቹ በኩል ነው፣ ከመንገድ አይታይም። ቧንቧዎቹን ደግሞ ወደ ውጭ፣ ከሻጮቹ መደብ ፊት ለፊት አመጧቸው። ኅዳር ላይ ቆርቆሮው ተነሣ። የተተከሉት ዛፎች እንደ ሥዕሉ እኩል አይደሉም። ወንበሮቹ በዚህ ዙር ወደ ውሃው ያያሉ። ከሁለቱ ቧንቧዎች አንዱ ገና ካሁኑ ያንጠባጥባል። ይህም ያልፋል፤ የሆነ ዘመን ላይ ሌላ ሰው ሌላ ሥዕል ይለጥፋል፣ እኔ አላየውም፣ ማየትም አያጓጓኝም።

አንጓችን አንድ ቀን ደግፌ አመጣኋት። በየዘንባባው ሥር እየቆምን መጣን። አዲሱ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። እኛ ተቀምጠን ሳለ ሰላም ዕቃዋን ለጎረቤቷ ሻጭ ጠብቂልኝ ብላ ተነሣች፤ ወደ ዛፎቹ ሄደች፣ ቆይታ በሌላ በኩል መጣች። ያን ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ቧንቧው ጋ ቆማ እጇን በሳሙና እስከ ክንዷ አጠበች፣ አራገፈችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ቆማ ስትጠብቃት ነበር፤ ፓፓያ ገዝታት ሄደች። የሰላም ውሃ ከግማሽ በታች ወርዷል። አንጓች በሩንም ግድግዳውንም አላየችም። ያየችው ያን ውሃ ነው። ለብዙ ጊዜ አየችው።

ሰላም አያቷ የጠማት መስሏት አነሣችና ሰጠቻት። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር፤ ሐኪሞቿም አዘዋል። አንጓች ሁለት ጊዜ ጎንጨት አለች፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ መለሰችላት። ጨምሪ እንጂ አልኋት።

«ይበቃኛል» አለች። «ቤት እስክንደርስ መንገድ አለ።»

ቤቷ ከዚያ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።